«አጥብቅ» የሚለው ትእዛዝ፦ ከቴስታታ ብሎን አስተሳሰር ስሕተት የተገኘ የስያሜ ትምህርት

1. መነሻ

የሙያ ቃላት ዝርዝር ሲዘጋጅ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በስም ላይ ያተኩራል። የዕቃው ስም፣ የክፍሉ ስም፣ የመሣሪያው ስም ተለቅሞ፣ ተመርምሮና ተወስኖ በተርታ ይቀመጣል። ግሱ ግን «ይህማ የታወቀ አማርኛ ነው» ተብሎ ሳይመረመር ይታለፋል። ቆረጠ፣ ገጠመ፣ ፈታ፣ አጠበቀ የሚሉትን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቃቸው የሙያ ቃላት አይመስሉንም። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ነው። ማስረጃችን በአንድ የማሠልጠኛ ጋራዥ ውስጥ፣ በአንድ የቶዮታ ኮሮላ ሞተር ላይ፣ በዐይናችን ያየነው ስሕተት ነው። ስሕተቱም የተርጓሚውም የሠልጣኙም አልነበረም፤ የእኛ የአራሚዎቹ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የማሠልጠኛ ተቋም ስለ ቴስታታ ጋርኒሲዮን አለዋወጥ ከእንግሊዝኛ ያስተረጐመውን መመሪያ ለስያሜ ምርመራ በላከልን ጊዜ ነው። ረቂቁን ተቀብለን ረዘም ያለ ጊዜ የወሰድነው እንደ ልማዳችን በስሞቹ ላይ ነበር። «ጋርኒሲዮን» ይቅር ወይስ «ማሸጊያ» ይባል? «ቴስታታ» ይቆይ ወይስ «የሲሊንደር ክዳን» ይተካው? በማለት ተከራከርን። እንደሚታወቀው የጋራዥ አማርኛ ከጣልያንኛ ብዙ ቃላት ወስዷል፤ ቴስታታ፣ ጋርኒሲዮን፣ ብሎን፣ ሮንዴላ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ካቻቢቴ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ቃላቱ በመካኒኩ አፍ ከአማርኛ ሰዋስው ጋር ተስማምተው ስለሚኖሩና ማንንም ስለማያሳስቱ እንዲቆዩ ወሰንን። በዚህ ውሳኔያችን ዛሬም አንጸጸትም።

ወደ ግሶቹ ስንደርስ ግን ሥራው ቀላል መሰለን። ተርጓሚው ብሎንን ለሚመለከተው ድርጊት አንድ ቦታ ላይ «አጥብቅ»፣ ሌላ ቦታ ላይ «እሰር»፣ በሦስተኛው ቦታ ደግሞ «አዙር» ብሎ ነበር። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በሦስቱም ቦታ የተጠቀመው አንድ ግስና የእርሱኑ ድጋሚ መልክ ብቻ ነው። እኛም «ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ» የሚለውን ደንብ ጠቅሰን ሦስቱንም በ«አጥብቅ» አስተካከልን፤ በአስተያየት መስጫውም ላይ «ወጥነት ይጐድለዋል» ብለን ጻፍን።

2. ሥራው ምን እንደ ሆነ

የተፈጠረውን ስሕተት ለመረዳት ስለ ሥራው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ቴስታታ በሞተሩ ብሎክ አናት ላይ የሚቀመጠው፣ ቫልቮቹንና ካንዴላዎቹን የሚይዘው ክፍል ነው። በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ስስ ጋርኒሲዮን ይነጠፋል። የጋርኒሲዮኑ ተግባር ሦስት ነገሮችን ለይቶ መያዝ ነው፤ እነርሱም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ጋዝ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃና የሚያለሰልሰው ዘይት ናቸው። ጋርኒሲዮኑ በአንድ ቦታ ከላላ ጋዙ ወደ ውሃው ወይም ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ያልፋል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ውሎ አድሮም ቴስታታው ይጣመማል።

ጋርኒሲዮኑን በሁሉም ቦታ እኩል ጨምቀው የሚይዙት ብሎኖቹ ናቸው። በምሳሌነት የምንጠቅሰው 4ኤ-ኤፍኢ የሚል መለያ ያለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1.6 ሊትር የኮሮላ ሞተር ዐሥር የቴስታታ ብሎኖች አሉት። ርዝመታቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ በአየር ማስገቢያው በኩል ያሉት 90 ሚሊ ሜትር፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያሉት 108 ሚሊ ሜትር ናቸው። የሚታሰሩትም ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር በሚሄድ ተራ ነው። መካከሉ አስቀድሞ ሲያዝ ጋርኒሲዮኑ ወደ ዳር እየተዘረጋ ይነጠፋል፤ ዳሩ ቀድሞ ቢያዝ ግን መካከሉ ላይ ቴስታታውና ብሎኩ በደንብ ላይገናኙ ይችላሉ። ሲፈታ በተቃራኒው ከዳር ወደ መካከል ይኬዳል።

የአምራቹ መመሪያ አስተሳሰሩን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። በመጀመሪያ የብሎኖቹ ጥርስና የራሳቸው ሥር በስሱ የሞተር ዘይት ተቀብቶ፣ በተራቸው በጥቂት በጥቂቱ እየተደጋገሙ እስከ 29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ፣ በሞተሩ ፊት አቅጣጫ፣ የቀለም ምልክት ይደረግና ሁሉም በተራቸው 90 ዲግሪ፣ ማለት ሩብ ዙር፣ ይዞራሉ። በመጨረሻም ሌላ 90 ዲግሪ ይዞራሉ። ሥራው በትክክል ከተፈጸመ የቀለሙ ምልክት ወደ ሞተሩ ኋላ ዞሮ ይታያል።

3. ረቂቁ በእኛ እጅ ምን ሆነ

ከእኛ እርማት በኋላ ሦስቱ መስመሮች እንዲህ ይነበቡ ነበር።

«ብሎኖቹን በተራቸው በ29 አጥብቅ።»
«ብሎኖቹን በተራቸው በ90 ደግመህ አጥብቅ።»
«ብሎኖቹን በተራቸው በ90 እንደገና አጥብቅ።»

ኒውተን ሜትር የሚለው መስፈርት በገጹ ራስጌ ላይ አንድ ጊዜ ተጽፎ ስለ ነበር ከየመስመሩ እንዲወጣ ተደርጓል። የዲግሪዋ ትንሽ ክብ ምልክት ደግሞ ጽሑፉ ከአንድ የኮምፒዩተር ፊደል ወደ ሌላ ሲዛወር ጠፍታለች። ምልክቷ መጥፋቷን ማናችንም አላየንም። ግሱ «አዙር» እንደ ሆነ ቢቀር ኖሮ ያለ ምልክቷም አንባቢው ይጠራጠር ነበር፤ «በ90 አዙር» የሚል ትእዛዝ «90 ምን?» ያሰኛልና። «በ90 አጥብቅ» ግን ከፊቱ ካለው «በ29 አጥብቅ» ጋር ፍጹም ስለሚመሳሰል ምንም አያጠራጥርም።

መመሪያው ከመታተሙ በፊት በማሠልጠኛው ጋራዥ ሊሞከር በመሆኑ እኛም እንድንገኝ ተጠራን። አንድ ሠልጣኝ ወረቀቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በማቆሚያ ላይ በተቀመጠ የመለማመጃ ሞተር ላይ ይሠራ ጀመር። የመጀመሪያውን ደረጃ በሚገባ ፈጸመ። ከዚያም የቶርክ ቁልፉን ወደ 90 ኒውተን ሜትር አስተካክሎ ከመካከለኛው ብሎን ጀመረ። አራተኛው ብሎን ላይ ሲደርስ ቁልፉ የተለመደውን ድምፅ ሳይሰጥ ብሎኑ መዞሩን ቀጠለ። በዕድሜ የገፉት የጋራዡ መምህር ከወዲያ ማዶ ድምፁን ሰምተው መጡ።

«ተው፤ እጅህን አንሣ» አሉት።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ አጥብቅ ነው የሚለው።»

«ይኼ መጥበቅ አይደለም፤ መክረር ነው። ብሎን ይታሰራል እንጂ አይከርም።»

እኛ በስንት ስብሰባ ያልለየነውን ልዩነት መምህሩ በሁለት ዐረፍተ ነገር ለዩት።

4. «ጠበቀ» እና «ላላ» በእኛ ዘንድ

ይህን ስሕተት እንድንሠራ ያደረገን አንዱ ምክንያት የገዛ ሙያችን ልማድ ይመስለናል። ጥብቀትና ልላት በአማርኛ ሰዋስው የታወቁ ስያሜዎች ናቸው። አንድ ተነባቢ ጠብቆ ወይም ላልቶ ይነበባል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ራሱ የምንነጋገርበት ግስ ነው። «ይጠብቃል» የሚለው ጽሑፍ «ብ» ጠብቆ ቢነበብ «ዘብ ይቆማል፣ እስኪመጡ ይቈያል» ማለት ሲሆን፣ ላልቶ ቢነበብ «የላላው ይያዛል» ማለት ነው። «ብሎኑ ይጠብቃል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ፊደላችን ለብቻው ለይቶ ሊያሳየን አይችልም፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ዐውዱ ነው።

እንግዲህ ለሰዋስው ሰው ጥብቀት ሁለት ገጽ ብቻ ያለው ነገር ነው። ለመካኒክ ግን ጥብቀት መጠን፣ ተራና ወሰን አለው። ከላላው እስከ ተያዘው፣ ከተያዘው እስከ ጠበቀው፣ ከጠበቀው እስከ ከረረው፣ ከከረረው እስከ ተበጠሰው ድረስ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። «ሲከር ይበጠሳል» የሚለው የአገር አባባል ክርንም ነገርንም የሚመለከት ቢሆንም ለብሎን ቃል በቃል ይሠራል።

ቋንቋችን እነዚህን ደረጃዎች የሚገልጽበት መንገድ አጥቶ አይደለም። «ጠበቅ አደረገው» እና «ጥብቅ አደረገው» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ማንኛውም ተናጋሪ ያውቃል። የመጀመሪያው መጠኑን ዝቅ ሲያደርግ ሁለተኛው ድርጊቱን አጽንቶ ይፈጽመዋል። «ላላ አድርገው» እና «ልል አድርገው» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። መካኒኮች በዚህ የግስ ሥርዐት በየሰዓቱ ይገለገላሉ። ይሁን እንጂ ይህ ስሜትን የሚገልጽ መለኪያ እንጂ ቁጥርን የሚገልጽ አይደለም፤ በመሆኑም ቁጥር በተሰጠበት መመሪያ ውስጥ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው ምክንያት ደንቡን በተሳሳተ መንገድ መረዳታችን ነው። «ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ» የሚለው አስተሳሰብ በዘመናዊው የስያሜ ጥናት ውስጥ ሥር እንዲሰድድ ካደረጉት መካከል ኦስትሪያዊው ኦይገን ቩስተር (1898–1977 እ. ኤ. አ.) ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ። እርሳቸውም በሙያቸው መሐንዲስ ነበሩ፤ በ1968 እ. ኤ. አ. የታተመው ታዋቂው መዝገበ ቃላታቸውም የሚያጠናው የማሽን መሣሪያዎችን ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ እንጂ ለአንድ የባዕድ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል አይደለም። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በአንድ ግስ ሁለት ጽንሰ ሐሳብ ይገልጻል፤ አንደኛው «እስከዚህ መጠን አድርስ»፣ ሁለተኛው «በዚህ ያህል አዙር» የሚሉ ናቸው። ልዩነቱን የሚያሳየው ግሱ ሳይሆን ከግሱ ጋር የተያያዘው መስተዋድድ ነው። እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ «በ» አስገባናቸው። ስለሆነም ደንቡን ያከበሩት ተርጓሚው ነበሩ፤ የጣስነው እኛ ነን።

5. ቁልፉ የሚናገረውና ብሎኑ የሚይዘው

መምህሩ ከሥራው በኋላ በሰጡን ማብራሪያ መሠረት እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መለየት አለባቸው።

አንደኛው ቁልፉ የሚለካው ነው። ይህም በእጅ የሚሰጠው ጉልበት ከቁልፉ ክንድ ርዝመት ጋር ተባዝቶ የሚገኝ መጠን ሲሆን በጋራዥ «ቶርክ» ይባላል። መጠኑ በሦስት መስፈርት ሊጻፍ ይችላል፤ በኒውተን ሜትር፣ በኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር (ወይም ሜትር) እና በጫማ ፓውንድ። ከላይ የጠቀስነው የመጀመሪያ ደረጃ መጠን በአምራቹ መመሪያ ውስጥ 29 ኒውተን ሜትር፣ 300 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር እና 22 ጫማ ፓውንድ ተብሎ በሦስቱም ይሰጣል። አንድ ጫማ ፓውንድ 1.36 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 29 የሚለውን ቁጥር በጫማ ፓውንድ ያነበበ ሰው ብሎኑን ወደ 39 ኒውተን ሜትር ያደርሰዋል፤ ከሚገባው በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። 22 የሚለውን በኒውተን ሜትር ያነበበ ደግሞ ሩብ ያህል ያጐድላል። መስፈርቱን ከየመስመሩ አውጥቶ ገጽ ራስጌ ላይ መስቀል ውበት መስሎን ያደረግነው ነገር የሚያመጣው አደጋ ይህን ያህል ነው።

ሁለተኛው ብሎኑ ጋርኒሲዮኑን ጨምቆ የሚይዝበት ጥንካሬ ነው። ብሎን ሲታሰር እንደ ጠንካራ ጥቅልል ሽቦ ጥቂት ይሳባል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን ክፍሎች ያጣብቃቸዋል። ይህ ከቶርክ ጋር አንድ አይደለም። በተለመደው ግምት ቁልፉ ላይ ከሚውለው ጥረት ከዐሥር እጅ አምስቱ ያህል በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ፣ አራቱ ያህል በጥርሱ ሰበቃ ያልቃል፤ ብሎኑን ለመሳብ የሚተርፈው አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ጥርሱ በደረቀ ወይም በቆሸሸ ጊዜ ቁልፉ ትክክለኛውን ቁጥር እየተናገረ ብሎኑ ሊላላ ይችላል፤ ዘይት በበዛበት ጊዜ ደግሞ ሊከር ይችላል። በብሎኩ የብሎን ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከተጠራቀመ ጕዳቱ የከፋ ነው። ፈሳሽ አይጨመቅምና ብሎኑ እርሱን እየገፋ የቁልፉን ቁጥር ይሞላል፤ ቴስታታው ግን አልተያዘም፤ አንዳንዴም ብሎኩ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው የዙሩ መጠን፣ ማለት ማእዘኑ ነው። ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር በጥርሶቹ መካከል ያለውን ርቀት ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህም በሰበቃ ማነስና መብዛት አይለወጥም። መሐንዲሶቹ የመጀመሪያውን ደረጃ በቶርክ፣ የቀሩትን ሁለቱን በማእዘን ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ «አጥብቅ» እና «አዙር» የሚለያዩት በቃል አመራረጥ ብቻ አይደለም፤ ከበስተጀርባቸው ሁለት የተለያዩ የመለኪያ መንገዶች አሉ።

6. ስሕተቱ እንዴት ታረመ

ሠልጣኙ ስሕተቱን ሲረዳ መጀመሪያ የመጣለት አሳብ የከረረውን አራተኛ ብሎን ብቻ ጥቂት አላልቶ በትክክለኛው መጠን መልሶ ማሰር ነበር። መምህሩ አልፈቀዱም፤ ምክንያታቸውም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ብሎኑ ከመለጠጥ ወሰኑ አልፎ ከተሳበ በኋላ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ አይመለስም፤ ቢታሰርም እንደ ፊቱ አይዝም። ሁለተኛ፣ ከእርሱ በፊት በ90 ኒውተን ሜትር የታሰሩት ሦስቱም ከታቀደው መንገድ ውጭ የታሰሩ ናቸው። ሦስተኛ፣ ጋርኒሲዮኑ በአንድ ወገን ከሚገባው በላይ ተጨምቋል።

በመሆኑም ሥራው ከመጀመሪያው ተደገመ። ዐሥሩም ብሎኖች ከዳር ወደ መካከል በሚሄደው ተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየላሉ ከቆዩ በኋላ ተፈቱ። ቴስታታው ተነሣ። ጋርኒሲዮኑ ተጣለ፤ አንድ ጊዜ የተጨመቀ ጋርኒሲዮን፣ አዲስ ቢመስልም፣ ሁለተኛ ጊዜ አይነጠፍምና። የቴስታታው ገጽ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያና በቀጫጭን የውፍረት መለኪያዎች ተፈተሸ። የተፈቀደው መጣመም እንደየሞተሩ ቢለያይም በብዙ መመሪያዎች የሚሰጠው ወሰን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ ተጠርገው ፈሳሹ በአየር ተነፍቶ ወጣ። አራተኛው ብሎን ርዝመቱ ተመሳሳይ ከሆነ አዲስ ብሎን ጎን ቢቆም ረዝሞ፣ አንገቱም ቀጥኖ ታየ። መምህሩ ሁሉም ብሎኖች በአዲስ እንዲለወጡ አደረጉ።

ስሕተቱ ሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮ እርማቱም ሌላ ይሆን ነበር። ለምሳሌ ተራው የተሳሳተው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቢሆን፣ ብሎኖቹ ገና ከወሰናቸው ስላላለፉ ሁሉንም በተቃራኒው ተራ አላልቶ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ የጋርኒሲዮኑን ጉዳይ ግን የአምራቹ መመሪያ ይወስናል። አንድ ብሎን ሩብ ዙሩን ማግኘት አለማግኘቱ ከተረሳ ደግሞ የሚመሰክረው የቀለሙ ምልክት ነው። ምልክት ሳይደረግ ከቀረ በቶርክ ቁልፍ «ጠብቋል ወይስ አልጠበቀም?» ብሎ መሞከር አይበቃም። የቆመን ብሎን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ጥረት በመዞር ላይ ያለውን ለማዞር ከሚያስፈልገው ስለሚበልጥ፣ ብሎኑ ሳይንቀሳቀስ ቁልፉ ቀድሞ ይናገራል።

በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ማላላት፣ መፍታት፣ ማሰር፣ ማጥበቅ፣ ማዞር፣ ማክረር እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቦታ እንደያዙ አንባቢ ልብ ይላል። አንዱን በሌላው ብንተካው እርማቱን መግለጽ አይቻልም። በአንድ ግስ የተጻፈ መመሪያ ስሕተትን ብቻ አይደለም የሚያስከትለው፤ ስሕተቱን ለማረም የሚያስፈልገውን ቋንቋም ይነሣል።

7. የምናቀርባቸው ስያሜዎች

ከዚህ በላይ በተመለከተው መሠረት ለብሎን ሥራ የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። ከአንዱ በቀር ሁሉም በጋራዥ ሲነገሩ የሰማናቸው ናቸው፤ እኛ ያደረግነው ወሰናቸውን ማበጀት ብቻ ነው።

ማስያዝ፦ ብሎኑን ያለ ቁልፍ፣ በእጅ፣ ጥርሱ ጥርሱን እስኪያገኝ ማስገባት። «ዐሥሩንም ብሎኖች በእጅ አስይዝ።»

ማሰር፦ ብሎኑን ከማስያዝ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ደረጃ የሚያደርሰው ሥራ ጠቅላላ ስም። ቁጥር አይከተለውም። «ቴስታታው በሦስት ደረጃ ይታሰራል።»

ማጥበቅ፦ ብሎኑን እስከ ተወሰነ የቶርክ መጠን ማድረስ። ምን ጊዜም «እስከ»ን፣ ቁጥሩንና መስፈርቱን በአንድ መስመር ያስከትላል። «እስከ 29 ኒውተን ሜትር አጥብቅ።»

ማዞር፦ ብሎኑን ካለበት ቦታ በተወሰነ ማእዘን ማንቀሳቀስ። «ዲግሪ» የሚለው ቃል በፊደል ይጻፋል እንጂ በምልክት አይተካም፤ በተቻለ መጠንም የዙሩ ክፍል ይጨመርበታል። «90 ዲግሪ፣ ማለት ሩብ ዙር፣ አዙር።»

ማላላት፦ ብሎኑን ከቦታው ሳያወጡ ጥብቀቱን መቀነስ።

መፍታት፦ ብሎኑን ፈጽሞ ከጥርሱ ማውጣት። በዕለት ንግግር «ፈታ» ለሁለቱም ቢነገርም በጽሑፍ መለየት አለባቸው፤ ያላሉትን እንዳለ ፈትቶ ማውጣት ቴስታታውን ሊያጣምመው ይችላልና።

ማክረር፦ ብሎኑን ከተወሰነለት መጠን ማሳለፍ። ምን ጊዜም የስሕተት ስም እንጂ የትእዛዝ ግስ አይሆንም።

ጥብቀት፦ የታሰረው ብሎን ሁለቱን ክፍሎች ጨምቆ የሚይዝበት ጥንካሬ። በቁልፍ በቀጥታ አይለካም።

የጥምዘዛ መጠን፦ ቁልፉ የሚለካው፣ በጋራዥ «ቶርክ» የሚባለው። አዲስ ያቀረብነው ይህን ብቻ ነው። «የማዞር ኀይል» እንዳንል «ኀይል» እና «ጉልበት» ለሌሎች የፊዚክስ ጽንሰ ሐሳቦች ተይዘዋል፤ መጠኑም ጉልበት ብቻ ሳይሆን የክንድ ርዝመትም ያለበት ነው። «ጥምዘዛ» በፖለቲካ ጽሑፍ «እጅ ጥምዘዛ» እየተባለ መነገሩ አይከለክለንም፤ ዐውዱ ይለየዋል። ቃሉ እስኪለመድ «ቶርክ» ጎን ለጎን ይሠራበት፤ መካኒኩ ከተቀበለው ይጸናል፤ ካልተቀበለው «ቶርክ» ከ«ብሎን» ጎን ይኖራል።

የሞተር ፊት፦ የመኪናው ፊት አይደለም። በኮሮላ ሞተሩ በአግድም ስለሚቀመጥ ቺንጋው ያለበት የሞተሩ ፊት ወደ መኪናው ጎን ያያል። የብሎኖቹ ተራ ቁጥር የሚቈጠረው ከዚህ አንጻር በተሣለው ሥዕል ስለሆነ «ፊት» ብቻውን ሳይተረጐም እንዳይቀር።

8. መደምደሚያ

ሦስቱን መስመሮች ከተርጓሚው ጋር ተቀምጠን እንደገና ጻፍናቸው።

«ብሎኖቹን በተራቸው፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ እስከ 29 ኒውተን ሜትር አጥብቅ።»
«በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ፣ በሞተሩ ፊት በኩል፣ የቀለም ምልክት አድርግ፤ ከዚያም ብሎኖቹን በተራቸው 90 ዲግሪ፣ ማለት ሩብ ዙር፣ አዙር።»
«ብሎኖቹን በተራቸው ሌላ 90 ዲግሪ አዙር፤ ምልክቱ ወደ ሞተሩ ኋላ መዞሩን አረጋግጥ።»

ያው ሠልጣኝ በአዲሱ ወረቀት፣ በአዲስ ብሎንና በአዲስ ጋርኒሲዮን ሥራውን ፈጸመ። ሞተሩ ተነሥቶ እስኪሞቅ ሠራ፤ ውሃውም ዘይቱም በየቦታቸው ቆዩ። የተበላሸው አንድ ጋርኒሲዮን፣ ጥቂት ብሎኖችና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መመሪያው እንደ ነበረ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ግን ኪሳራው በማናውቃቸው ጋራዦች፣ በማናውቃቸው ባለ መኪኖች ሞተር ላይ ይደርስ ነበር፤ ጥፋቱም «የመካኒክ ስሕተት» ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

ከዚህ በኋላ በምርመራ ሥራችን ሁለት ነገር ለማድረግ ወስነናል። የመጀመሪያው፣ በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ግሶችን ከስሞች እኩል መዝግቦ መመርመር ነው፤ በሕክምና፣ በእርሻና በኤሌክትሪክ ሥራ መመሪያዎች ውስጥም እንደ «አጥብቅ» የታወቁ መስለው ያልታወቁ ግሶች ሞልተዋል። ሁለተኛው፣ ተርጓሚ ለአንድ የባዕድ ቃል ሁለት የአማርኛ ቃል ተጠቅሞ ስናገኝ «ወጥነት ይጐድለዋል» ብለን ከመጻፋችን በፊት ለምን እንዲህ እንዳደረገ መጠየቅ ነው። በዚህ መመሪያ ረገድ ጥያቄውን ብናቀርብ ኖሮ መልሱ ዝግጁ ነበር። ተርጓሚው ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሳምንት በጋራዥ ተቀምጠው የመካኒኮቹን ንግግር አዳምጠው ነበርና።

በቀረቡት ስያሜዎች ላይ ከባለ ሙያዎችና ከተርጓሚዎች የሚደርሰንን አስተያየት በደስታ እንቀበላለን።